የስካንዲኔቪያ ሳህን ቡፌያችሁ ውስጥ ካለ ገልብጡት

አክስቴ ሐዋሳ ቤቷ በር ላይ ቆማ ሦስት አሮጌ ሳህን በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ልትለውጥ ስትል ደረስኩ። ልዋጩ ሳፋውን ከትከሻው አውርዶ አንዱን ሳህን ይዞ ያገላብጣል። ተቀበልኩትና ጀርባውን አየሁ። «ስታቫንገርፍሊንት፣ ኖርዌይ» ይላል። «አንቺ ልጅ፣ የሚሲዮኖቹ ዕቃ ነው እኮ፣ ስንት ዘመኑ!» አለችኝ። ስንት ዘመኑ እንደሆነማ ጀርባው ይነግረናል አልኳት። ልዋጩ ሳፋውን ይዞ ሄደ።

የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ኢትዮጵያ የገባው በ1948 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሰዎቹ በሲዳማና በዙሪያው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። አክስቴ አንዱ ቤተሰብ ጋ ትሠራ ነበር፤ ሲሄዱ ሳህኖቹን ለእሷ ተዉላት። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ሊኖር ይችላል።

በመጀመሪያ እጠቡት፣ ግን በቀስታ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። የሽቦ መፈተጊያና በረኪና አታስጠጉት። ጀርባው ላይ ያለውን የፋብሪካ ማኅተም በጥፍራችሁ ዳበስ አድርጉት። ልሙጥ ከሆነ ከሚያብረቀርቀው ቅብ ስር ነው፣ አይለቅም። ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ግን ከቅቡ በላይ ነው የታተመው፣ ብትፈትጉት ይጠፋል፤ እሱ ከጠፋ ደግሞ የሳህኑ መታወቂያ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና አጉልታችሁ እዩት። በዓይን ጭረት የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ፊደል ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ አገሩን ፈልጉ። «ኖርጌ» (ኖርዌይ)፣ «ስቬሪዬ» (ስዊድን)፣ «ዳንማርክ» (ዴንማርክ) የሚል ከሆነ በገዛ ቋንቋቸው የአገራቸውን ስም ጽፈውታል። የአገሩ ስም በእንግሊዝኛ ከሆነ ለውጭ ገበያ የተሠራ መሆኑን ይጠቁማል። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አስገድዳለች። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ዴንማርክ» የሚል ሳህን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። «አረቢያ» የሚል ስታዩ ደግሞ ከጅዳ የመጣ እንዳይመስላችሁ። አረቢያ ሄልሲንኪ ውስጥ በ1873 የተቋቋመ የፊንላንድ ፋብሪካ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሰፈሩ ነው።

ምልክት ብቻ አይታችሁ አትቸኩሉ። መልህቅ ያየ ሰው ሁሉ «የስዊድን ጉስታቭስበርግ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ጉስታቭስበርግ መልህቅ አለው፤ የኖርዌዩ ፖርስግሩንድም ግን መልህቅ አለው፣ በግራና በቀኙ «ፒ» የሚለው የላቲን ፊደል ተጽፎበት። ሦስት ዘውድ ካያችሁ የስዊድኑ ሮርስትራንድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በ1726 የተጀመረ ነው። ሦስት ግንብ ደግሞ የኮፐንሃገኑ ቢንግ ኦግ ግሮንዳል ነው። የእሱ የገና ሳህኖች ከ1895 ጀምሮ ዓመቱ ፊታቸው ላይ ተጽፎ ስለሚወጡ ብዙ አያለፉም።

እኔ በጣም የምወደው የሮያል ኮፐንሃገንን ማኅተም ነው። ከስሩ ሦስት ሰማያዊ ሞገድ መሰል መስመሮች ታያላችሁ፤ የዴንማርክን ሦስት የባሕር መተላለፊያዎች ነው የሚወክሉት። ከላይ ዘውድ፣ ዙሪያውን ስሙ። ፋብሪካው በ1775 ስለተጀመረ ሞገዱ ብቻውን ዓመት አይነግራችሁም። ዓመቱን የሚነግራችሁ ትንሽ ሰረዝ ናት። ከ1935 እስከ 1949 በየዓመቱ ከስሙ ፊደላት በአንዱ ላይ ሰረዝ ያደርጉ ነበር። ስሙ በላቲን አስራ አምስት ፊደል ነው፣ ዓመቶቹም አስራ አምስት ናቸው። ሰረዟ የመጀመሪያዋ «አር» ላይ ከሆነች 1935፣ ቀጣዩ «ኦ» ላይ ከሆነች 1936 እያላችሁ ትቆጥራላችሁ። ሰረዟ ከፊደሉ በላይ ሳይሆን ከስር ከሆነች ከ1950 ወዲህ ነው። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ ሞገዶቹን የሚያቋርጥ ጭረት ካለ ልጆች በሹካ የጫሩት አይደለም፣ ፋብሪካው ራሱ ሁለተኛ ደረጃ ነው ብሎ የጫረው ነው። ሻጩ «አንደኛ ነው» ካላችሁ ጭረቱን አሳዩት።

ሥዕሉን በመጨረሻ እዩት። ሰው ሁሉ ከሥዕሉ ስለሚጀምር ነው የሚሳሳተው። ለምሳሌ የስዊድናዊው ዲዛይነር የስቲግ ሊንድበርግ «በርሾ»፣ ያ አረንጓዴ ቅጠል የተደረደረበት፣ ጉስታቭስበርግ ከ1961 እስከ 1974 ሠርቶት አቆመ፤ በኋላ ግን እንደገና መሥራት ጀመረ። ስለዚህ ቅጠሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ዕቃው አዲስ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ስለ ማይክሮዌቭ የሚያወራ ጽሑፍ ካለ የ1950ዎቹ ነው የሚላችሁን አትመኑ። የኖርዌዩ ፋብሪካ የፊጎ ዕቃዎች ላይ ደግሞ የሥዕሉ ስም ራሱ የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ «ሎተ» የሚለውን ካገኛችሁ በ1960ዎቹ የቱሪ ግራምስታድ ኦሊቨር ሥራ የሆነውን ሥዕል ነው የያዛችሁት።

አሁን ወደ አክስቴ ሳህን እንመለስ። ስታቫንገርፍሊንት ማምረት የጀመረው በ1949 ሲሆን በ1979 ተዘጋ። ሳህኑ ከዚህ ሊወጣ አይችልም፣ ግን ሠላሳ ዓመት ሰፊ ነው። ስለዚህ ቡና እየጠጣን ጠየቅኳት፦ ሰዎቹ መቼ ነው የሄዱት? «አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል ነዋ፣ ትልቁን ልጄን አርግዤ» አለች። አብዮቱ 1974 ነው። የሰው ትዝታ ከማኅተም እኩል ይጠቅማል፣ በተለይ ልደትና ለቅሶ የተያያዘበት ከሆነ፤ ስለዚህ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ጠይቁ። እኛም በትንሽ ወረቀት «ስታቫንገርፍሊንት፣ ኖርዌይ፣ ከ1949 እስከ 1974፣ ከሚሲዮኖቹ የተሰጠ» ብለን ጻፍንና ሳህኖቹ መሃል አስገብተን ቡፌው ውስጥ መለስናቸው። ከጫፉ ትንሽ የተሸረፈውን አክስቴ ለፈንድሻ አስቀረችው።