ቤታችሁን ራሳችሁ ስትሠሩ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

ጉልበትን እንደ ዋና ቅናሽ መቁጠር። ወጪውን የሚበላው በአብዛኛው መሬቱና የግንባታ ዕቃው ነው። ሙያው የሌለው ሰው የገነባው ግድግዳ ከተጣመመ ደግሞ ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ ዕቃውም ድካሙም እጥፍ። ቁፋሮውን፣ ማመላለሱንና ቀለሙን ራሳችሁ ያዙት፣ መሠረቱንና ፌሮውን ለባለሙያ ተዉ። በራስ የሚሠራ ቤት አቅምን የማይፈትነው ትልቅ ብድር ሳትገቡ፣ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር እየጨመራችሁ ስለምትሄዱ ነው።

ያለ ፕላን ክፍል መቀጠል። ዛሬ አንድ ክፍል፣ ሲመቸን ሌላ እየተባለ ይኬድና መጨረሻ ላይ የሽንት ቤት ቦታ ይጠፋል። ሙሉውን ቤት መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጨርሱት፣ ከዚያ ከባዱን አስቀድሙ። በቺሌዋ ኢኪኬ ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የአርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬና ቡድን የመኖሪያ ቤቶች ሥራ ጥሩ ማሳያ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተያዘው 7,500 ዶላር ነበር፣ ያውም መሬቱን ጨምሮ። ሙሉ ቤት እንደማያሠራ ግልጽ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ብቻውን የማይወጣውን፣ ማለትም ዋናውን መዋቅር፣ ማድቤቱን፣ መታጠቢያውንና ደረጃውን ሠርተው ግማሹን ክፍት ተዉት። ቀሪውን ነዋሪው በየአቅሙ ሞላው።

ርካሽ ብሎ ሩቅ መሬት መግዛት። የኢኪኬው ቦታ ውድ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ከሥራቸውና ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዳይርቁ እዚያው ተሠራላቸው። የትራንስፖርት ወጪውን በዓመት አስሉትና ከመሬቱ ቅናሽ ጋር አስተያዩት። ሰነዱ ያልጠራ መሬትማ ጭራሽ አይነካ! ነገ ይፈርስብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ደህና ግድግዳ አያቆምም።

ሲሚንቶ ይወደዳል ብሎ መከመር። ሦስት ወር የተቀመጠ ሲሚንቶ፣ በተለይ እርጥበት ካገኘው፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። በጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ጓል ካለው ለኮለን (ለምሰሶ) አይሆንም። አስቀድሞ መግዛት ካስፈለገ ድንጋይና አሸዋ ግዙ። አርማታው እንዲላላ ውሃ መጨመርም ያው ኪሳራ ነው፣ ሲደርቅ ደካማ ይሆናል። ካፈሰሳችሁት በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት፤ ምንም አያስወጣም፣ ግን ብዙው ሰው ይሰንፋል።

ለፎቅ የተተወ ፌሮን ለዝናብ መተው። መቼ እንደምትቀጥሉ አይታወቅም፣ ዝገቱ ግን አይጠብቅም። ጫፉን በስስ አርማታ ሸፍኑት፤ ስትቀጥሉ በመዶሻ ይራገፋል። መሠረቱ ለአንድ ወለል ብቻ ከተቆፈረ ደግሞ ፌሮውን ለፎቅ ብሎ ማቆየቱም ትርጉም የለውም።