አብሮ የኖረን የስፖርት ሞተር ሳይክል ሐዋሳ ላይ ስለ መሸጥ

ለዓመታት የተንከባከቡትን የስፖርት ሞተር ሳይክል ለመሸጥ ሲወስኑ አስቀድመው ሊለዩት የሚገባው ነገር፣ ንብረቱ በእርስዎ ልብ ውስጥ ያለው ዋጋና ገበያው የሚቆርጥለት ዋጋ የማይገናኙ መሆናቸውን ነው። ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ያሳለፏቸው ማለዳዎች ለገዢው ምንም ማለት አይደሉም። እርሱ ገንዘቡን የሚያወጣው ለሰነዱ፣ ለሞተሩ ጤንነትና «ይህ ሰው አይደብቀኝም» ለሚለው እምነቱ ነው። እኔ ባለ 296 ሲሲ ካዋሳኪ ኒንጃ 300 ስሸጥ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ የገዢዎቹን ጥያቄ እንደ ስድብ ቆጥሬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዎች ያባረርኳቸው ራሴ ነበርኩ።

ሥራው ከሊብሬው፣ ማለትም ከባለቤትነት ደብተሩ፣ ይጀምራል። ሊብሬው በእርስዎ ስም ካልሆነ፣ ማለትም ሞተር ሳይክሉን በውክልና ብቻ ይዘው የቆዩ ከሆነ፣ ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት የቀድሞውን ባለቤት አግኝተው ጉዳዩን ይጨርሱ፤ ገዢ ዋጋ ተስማምቶ ቀብድ ሊከፍል ሲል የውክልና ክር መምዘዝ የተጀመረበት ሽያጭ ብዙ ጊዜ እዚያው ይበጠሳል። ቀጥሎም የሻንሲውን (የአካሉን አጽም) እና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ራስዎ ያመሳክሩ። የሻንሲው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መሪው ከሻንሲው ጋር በሚጋጠምበት አንገት ላይ ሲሆን፣ አቧራና ቅባት ስለሚሸፍነው ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርገው በግልጽ እንዲነበብ ያድርጉ፤ ገዢው በስልኩ መብራት ፊደል በፊደል ሲያነበው ቆመው መጠበቅዎ አይቀርም። ዓመታዊ ምርመራው ያለፈበት ከሆነ ቦሎውን ያሳድሱ፤ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለም ይክፈሉ። እነዚህን ለገዢው መተው የሚያስቀንሰው ዋጋ፣ ራስዎ ቢያስጨርሱት ከሚያወጡት ወጪ ይበልጣል።

ጥገናን በተመለከተ የእኔ አቋም ቁጥብ ነው። ካቴናው ረግቦ ከሆነ ያስወጥሩት፣ የፍሬን ሸራው ካለቀ ይቀይሩት፣ ባትሪው ደካማ ከሆነም ይተኩት። አዲስ ጎማ መግጠም ወይም ቀለም ማስቀባት ግን አይመከርም፤ የጎማው ወጪ ተመልሶ አይገኝም፣ ትኩስ ቀለም ደግሞ «ምን ሊሸፍን ነው?» የሚል ጥርጣሬ ያመጣል። ስለ ጎማ ካነሣን አይቀር፣ በጎኑ ላይ የታተሙትን የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ገዢው ከማንበቡ በፊት እርስዎ ያንብቡ። 2319 የሚል ከሆነ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቅና በተለይ እርጥብ አስፋልት ላይ መንገድ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ «ጎማው ገና ነው» የሚለው አነጋገር በስፖርት ሞተር ገዢ ዘንድ አያስኬድም። ከማሳየትዎ በፊት ላቫጆ የሚወስዱት ከሆነም በኃይል የሚረጨው ውኃ ወደ ጎማዎቹ እምብርትና ወደ መሪው አንገት እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ውስጥ ያለውን ግራሶ አጥቦ ኩሽኔታውን ይጎዳልና። እኔ በባልዲና በስፖንጅ ማጠብን እመርጣለሁ።

ጉድለቱን ቀድሞ መናገር ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ነገር ነው። የእኔ ሞተር ሳይክል ጠጠር በፈሰሰበት መታጠፊያ ላይ በግራ ጎኑ ወድቆ ስለነበር፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ጫፍ እንደ ተሳለ እርሳስ ተፍቆ፣ የጎኑ ፕላስቲክ ላይም የጣት ርዝመት ያለው ጭረት ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ያነሣኋቸው ፎቶዎች ሁሉ በቀኝ በኩል ነበሩ፤ የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ግራ ይዞር ነበር። በኋላ ጭረቱን ለብቻው ከቅርብ አንሥቼ ቴሌግራም ላይ ከሌሎቹ ጋር ስለጥፈው የሚደውልልኝ ሰው ቁጥር ቀነሰ፤ የመጡት ግን ለመግዛት የመጡ ነበሩ። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሻጭ እያወቀ በተንኮል የደበቀውን ጉድለት «እንዳለ ሸጫለሁ» የሚል ቃል በውል ላይ ስለጻፈ ብቻ ከኃላፊነት አያመልጥም።

ገዢው ሊያይ በሚመጣበት ቀን ሞተሩን አስቀድመው አያሙቁት። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መዳፉን ወደ ሞተሩ ማስጠጋት ነው፤ ሙቀት ካገኘ፣ በብርድ የማይነሣ ሞተር አስነሥተው የጠበቁት ይመስለዋል። ቀዝቃዛው ሞተር በመጀመሪያው ንክኪ ሲነሣና ጭስ ሳያወጣ ሲረጋጋ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ነው፤ ፋብሪካው የጻፈውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ ባለማግኘቱ የሚያጉረመርም ገዢ ካጋጠመዎት ይህንኑ ያስረዱት። ካርቦራቶር ያለውና ለዚህ ከፍታ ያልተስተካከለ ሞተር ደግሞ ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ክፍል) በጥላሸት ሊጠቁር ስለሚችል አስቀድመው ያስፈትሹት።

ሙከራ ላይ ብዙ ሻጭ ይሉኝታ ይይዘዋል። የመንጃ ፈቃዱን ሳያዩ፣ ሄልሜት ሳያደርግና የተስማማችሁበትን ገንዘብ በመያዣነት ሳይተውልዎት ማንንም አያስነዱ። ከባጃጅ በቀር ነድቶ የማያውቅ ወጣት የስፖርት ሞተርን ነዳጅ መስጫ በአንድ ጊዜ ሲጠመዝዘው የሚሆነውን ማየት አይፈልጉም።

በዋጋ ላይ ከመነጋገርዎ በፊት የመጨረሻውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈው ኪስዎ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሐዋሳ ውስጥ ለሥራ የሚገዛ ሞተር ብዙ ፈላጊ ሲኖረው የስፖርት ሞተር ፈላጊ ግን ጥቂት ስለሆነ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልግ ይሆናል። በደላላ ከሆነ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ገዢው ሳይመጣ ይወሰን።

ቀብድ ሲቀበሉ በጽሑፍ ይሁን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደደነገገው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ሰው ይመጣል ብለው እያሰቡ ቀብድ አይቀበሉ። ቀሪውን ክፍያ በባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ቢፈጽሙት ይመረጣል፤ በስልክ የገባ የክፍያ መልእክት ሐሰተኛ ሊሆን ስለሚችል የሂሳብዎን ቀሪ ራስዎ ሳያዩ ቁልፍ አያስረክቡ።

ከክፍያ በኋላ «ስሙን ቀስ ብዬ አዛውራለሁ» የሚለውን ልመና በጨዋነት እምቢ ይበሉ። በዚሁ ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ ሊብሬው በስምዎ እስካለ ድረስ ደግሞ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ውሉ በውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ይረጋገጥ፣ የስም ዝውውሩም አብራችሁ ሄዳችሁ ይጠናቀቅ፤ የሦስተኛ ወገን መድን ለሰጠዎት ድርጅት ደግሞ ባለቤትነቱ መዞሩን ያሳውቁ። በውሉ ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ያስረከቡበትን ሰዓትና የኪሎ ሜትሩን ንባብ ያስጽፉ። እኔ ርክክቡን ያደረግሁት ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ20 ሲሆን፣ ትርፍ ቁልፉን፣ የአጠቃቀም መመሪያውንና በካርቶን አስቀምጬው የኖርኩትን ኦሪጅናል ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አብሬ አስረክቤ በውሉ ግርጌ አስፈርሜበታለሁ።