ለአንድ የታይትሬሽን ክፍለ ጊዜ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል

ጅማ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ስሠራ፣ ክረምቱን ተዘግቶ የከረመውን ቤተ ሙከራ ከፍቼ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቤዝ የሆነውን የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 0.1 ሞላር (በአንድ ሊትር 0.1 ሞል የያዘ) ሙሙት አዘጋጅቼ ነበር። ለአንድ ሊትር የሚያስፈልገውን 4 ግራም በጥንቃቄ መዝኜ፣ አሟሙቼ፣ ጠርሙሱ ላይ 0.1 ሞላር ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ተማሪዎቹ ታይትሬሽኑን፣ ማለትም አንዱን ሙሙት በሌላው ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያወረዱ ክምችቱን የመለካት ሙከራውን፣ ሲሠሩ፣ ለ10 ሚሊ ሊትር አሲድ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ቤዝ ይበቃል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የአብዛኞቹ ቡድኖች ንባብ ከ12 ሚሊ ሊትር በላይ ሆነ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች አንዲት ተማሪ 12.4 ብላ የጻፈችውን በላጲስ አጥፍታ 10.1 ብላ ስትተካው አየኋት። ንባቧ ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ያለው እኔ ባዘጋጀሁት ጠርሙስ ውስጥ ነበር። የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ዕቃ ክዳኑ ላልቶ ስለከረመ እንክብሎቹ የክረምቱን እርጥበትና የአየሩን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠጥተው ነበርና፣ ከመዘንኩት 4 ግራም ውስጥ ከፊሉ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አልነበረም። ያቺ ልጅ በዚያ ቀን የተማረችው ዓይኗን አለማመንን ስለሆነ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሙከራ፣ ተማሪዎች በሚጠቀሙበት በዚያው ጠርሙስና በዚያው ዕቃ አስቀድሜ ራሴ ሳልሠራው ለክፍል አላቀርብም። ከዚህ በታች የማስረዳው ሃይድሮክሎሪክ አሲድን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት የማድረግ ሙከራ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ምሳሌ የማደርገው በ10 ቡድን የተከፈለ የ60 ተማሪዎች ክፍል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሙከራው ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ከመምህሩ ጋር በመነጋገር ነው። የሙከራውን መመሪያ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ አሲዱ በፒፔት (የተወሰነ መጠን በሚስብ የመስታወት ቱቦ) ተለክቶ ኮኒካል ፍላስክ ውስጥ እንደሚገባ፣ ቤዙ ደግሞ ቡሬት (መጠን የተጻፈበትና ከታች መዝጊያ ያለው ረጅም ቱቦ) ውስጥ እንደሚሞላ፣ እያንዳንዱ ቡድን ስንት ጊዜ እንደሚደግም ጠይቀው ያረጋግጡ። ከዚያ መጠኑን ያስሉ። አንድ ቡድን አንድ የግምት ሙከራና ሦስት ትክክለኛ ሙከራዎች ቢሠራ፣ ቡሬቱን ከማለቅለቂያው ጋር 100 ሚሊ ሊትር ቤዝ፣ ፒፔቱን ከማለቅለቂያው ጋር 60 ሚሊ ሊትር አሲድ ይበቃዋል። ለ10 ቡድን 1 ሊትር ቤዝና 600 ሚሊ ሊትር አሲድ ማለት ነው። የሚደፋና የሚበላሽ አይጠፋምና ቤዙን 1.5 ሊትር፣ አሲዱን 1 ሊትር አድርገው ያዘጋጁ። ሙሙቱ በክፍለ ጊዜው መሀል አልቆ በሌላ ቀን ከተዘጋጀ ጠርሙስ ቢጨመር የክፍሉ ውጤት ሁሉ ይዘበራረቃል፤ ስለዚህ ትርፍ ማዘጋጀት እንደ ብክነት ሊታይ አይገባም።

ቀጥሎ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ የሟሙ ጨዎች ስላሉበት ለሙሙት ዝግጅት ዲስቲልድ ውሃ ያስፈልጋል። ጄሪካኑ ላይ ዲስቲልድ ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አይመኑት፤ ጥቂቱን በንጹሕ የሙከራ ቱቦ ቀድተው ሁለት ጠብታ የሲልቨር ናይትሬት ሙሙት ይጨምሩበትና ቱቦውን ከጥቁር ወረቀት ፊት ለፊት አድርገው ይመልከቱት። ወተት የነካው ያህል ከደፈረሰ ክሎራይድ አለበት ማለት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለቤዙ የሚውለውን ውሃ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃዎች አፍልተው፣ ከድነው ያቀዝቅዙት፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ መንገድ ይወጣል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፦ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በፈላ ውሃ ውስጥ 100 ያላነበበ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል ለመምህራንም ለተማሪዎችም መንገር ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ቤዙ እንመጣለን፤ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። ጋዋን፣ ጓንትና የዓይን መነጽር ሳያደርጉ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድን ዕቃ አይክፈቱ። እንክብሎቹ ተለያይተው በዕቃው ውስጥ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ ደህና ናቸው፤ እርስ በርስ ተጣብቀው ካበጡ ወይም ላያቸው ነጭ ዱቄት የለበሰ ከሆነ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶባቸዋል። ሚዛኑን አስቀድመው ባዶ ቢከር አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉት፣ ከዚያ በኋላ ዕቃውን ይክፈቱ፣ ወዲያው መዝነው ወዲያው ይክደኑ። ዝናብ በሚዘንብበት ከሰዓት በኋላ በወረቀት ላይ የተቀመጠ አንድ እንክብል በደቂቃዎች ውስጥ ላቡ ወጥቶ ወረቀቱን ሲያረጥብ አይቻለሁ፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ አይመዝኑ። ለ1.5 ሊትር በስሌት 6 ግራም ይበቃል፣ እኔ ግን የጠጣውን እርጥበት አስቤ 6.5 ግራም እወስዳለሁ። እንክብሎቹን ወደ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ በመስታወት ዘንግ ያማስሉ። ሙሙቱ እየሞቀ ስለሚሄድ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ውሃ ጨምረው 1.5 ሊትር ያድርሱት። መጠኑን በሲሊንደር ቢለኩ በቂ ነው፤ ትክክለኛው የሙሙቱ ክምችት የሚታወቀው በኋላ በሚደረገው ምርመራ እንጂ በዚህ ደረጃ አይደለም። የተዘጋጀውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ ቤዝ መስታወትን ቀስ በቀስ ስለሚበላ የመስታወት ውታፍ ያለው ጠርሙስ ተጣብቆ አልከፈት ይላል።

ለአሲዱ በመጀመሪያ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ። 37 በመቶ የሆነና የአንድ ሚሊ ሊትሩ ክብደት 1.19 ግራም የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 12 ሞላር ያህል ስለሆነ፣ ለ1 ሊትር 0.1 ሞላር ሙሙት 8.3 ሚሊ ሊትር ይፈለጋል። ጠርሙሱ 35 በመቶ የሚል ከሆነ መጠኑ 8.8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ጢስ መሳቢያ በሌለበት ቤተ ሙከራ ይህን ሥራ በሮችና መስኮቶችን ከፍተው፣ ወይም ሰው በማያልፍበት በረንዳ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይሥሩት። አንገቱ ላይ የመጠን መስመር ያለውን ባለ 1 ሊትር ቮልሜትሪክ ፍላስክ አስቀድመው እስከ ግማሹ ውሃ ይሙሉ፣ ከዚያ አሲዱን በቀስታ ወደ ውሃው ይጨምሩ፤ ሲበርድም እስከ መስመሩ ውሃ ይሙሉት። ውሃ በጠንካራ አሲድ ላይ አይደፋም፤ የሚፈጠረው ሙቀት አሲዱን ወደ ፊት ሊያስፈነጥር ይችላል። ፒፔት የሚጠቀሙ ከሆነ በጎማ መሳቢያ እንጂ በምንም ምክንያት በአፍ አይሳቡ። አሲድ ወይም ቤዝ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ዓይንን ከፍቶ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ በሚቋረጥበት ቀን የተሞላ ባልዲና ጆግ ከጎንዎ ሳያኖሩ ሥራውን አይጀምሩ።

የታይትሬሽኑን መጨረሻ በቀለሙ ለውጥ የሚያሳየው ጠቋሚ ዝግጅቱ ቀላል ነው። ግማሽ ግራም ፊኖልፍታሊን በ50 ሚሊ ሊትር ኢታኖል አሟሙተው በጠብታ ጠርሙሶች ያከፋፍሉ፤ ኢታኖል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በአቅራቢያው እሳት አይኑር። ፊኖልፍታሊን ከጠፋ ከገበያ የሚገዛውን ደረቅ ከርከዴ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ መጠቀም ይቻላል፤ በአሲድ ውስጥ ቀይ፣ በቤዝ ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። ሆኖም የቀለሙ ለውጥ ደረጃ በደረጃ ስለሆነ አሲድና ቤዝን ለመለየት ይጠቅማል እንጂ ለታይትሬሽን ልኬት አልመክረውም።

ቀደም ሲል የዘለልኩትና ዋጋ ያስከፈለኝ ደረጃ የሚከተለው ነው። የቤዙን ትክክለኛ ክምችት ለማወቅ፣ በአየር ላይ እርጥበት የማይጠጣና በቀጥታ ተመዝኖ የሚታመን ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሁለት የውሃ ሞለኪውል የያዘው የኦክሳሊክ አሲድ ክሪስታል ተስማሚ ነው። 1.58 ግራም መዝነው በባለ 250 ሚሊ ሊትር ቮልሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ እስከ መስመሩ ቢያሟሙት 0.05 ሞላር ይሆናል። ኦክሳሊክ አሲድ መርዛማ ስለሆነ እጅዎን ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ። ከሙሙቱ 10 ሚሊ ሊትር በፒፔት ወደ ኮኒካል ፍላስክ ወስደው፣ ሁለት ጠብታ ፊኖልፍታሊን ጨምረው፣ ቤዙን ከቡሬት ያውርዱ። መጨረሻው ሲቃረብ እያንዳንዱ ጠብታ ያረፈበት ቦታ ሮዝ ሆኖ ሲወዛወዝ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ጠብታ በጠብታ ያድርጉት። ነጭ ወረቀት ላይ ለግማሽ ደቂቃ የሚቆይ በጣም ቀጭን ሮዝ ሲታይ ይዝጉ፤ ደምቆ ከታየ አልፏል። አንድ የኦክሳሊክ አሲድ ሞለኪውል ሁለት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሚፈልግ፣ ቤዙ ልክ 0.1 ሞላር ቢሆን 10 ሚሊ ሊትር ይወርዳል። 10.3 ከወረደ ክምችቱ 0.097 ሞላር ነው። ሦስት ንባቦች በ0.1 ሚሊ ሊትር ውስጥ እስኪገጥሙ ይድገሙ፤ ከዚያ በዚሁ ቤዝ የሃይድሮክሎሪክ አሲዱን ክምችትም በተመሳሳይ መንገድ ይፈትሹ።

ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ታዲያ ያሰቡት 0.1 ሳይሆን ያገኙት 0.097 ነው። የሙሙቱ ስም፣ ክምችቱ፣ የተዘጋጀበት ቀን፣ ያዘጋጀው ሰው ስምና ‹‹ዓይንና ቆዳ ይጎዳል›› የሚል ማስጠንቀቂያ ይኑርበት። በእኛ አገር እርጥበት ወረቀት ስለሚላጥና ቀለም ስለሚፈስ በእርሳስ ጽፈው በግልጽ ፕላስተር ይሸፍኑት። ኬሚካል በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ፈጽሞ አያስቀምጡ፤ የተጠማ ተማሪ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ጽሑፉን ሳያይ ሊጠጣው ይችላል።

ከሙከራው አንድ ቀን በፊት አሥር ሳህን ወይም ትሪ ደርድረው በእያንዳንዱ ላይ ቡሬት ከነማቆሚያው፣ ፒፔት ከነጎማ መሳቢያው፣ ሁለት ኮኒካል ፍላስክ፣ ሁለት ትንንሽ ቢከር፣ ማፍሰሻ፣ ነጭ ወረቀትና የጠቋሚ ጠርሙስ ያስቀምጡ። ቡሬቶቹን ውሃ ሞልተው አሥር ደቂቃ ያቁሟቸው፤ ከጫፉ ጠብታ የሚያንጠለጥል ካለ መዝጊያውን አውጥተው፣ አድርቀው፣ ስስ ቫዝሊን ይቀቡት። ጫፉ የተሰበረ ዕቃ ለተማሪ አይሰጥም። ከዚያ አንዱን ትሪ አንስተው፣ የመምህሩን መመሪያ እንደ ተማሪ ከላይ እስከ ታች እያነበቡ፣ ሙከራውን በሰዓት ይሥሩት። እኔ ይህን ሳደርግ 25 ደቂቃ ከፈጀብኝ ለተማሪ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አይበቃምና ድግግሞሹን ከሦስት ወደ ሁለት እንዲያወርዱት መምህሩን እጠይቃለሁ። ያገኘሁትንም ንባብ በወረቀት ጽፌ ለመምህሩ እሰጣለሁ፤ የተማሪ ውጤት የሚመዘነው መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ሳይሆን ከዚህ ጋር ነው።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ቡሬቶቹን ወዲያው በውሃ ያለቅልቁ፤ ቤዝ ያደረበት መዝጊያ ተጣብቆ አልዞር ይላል። የተረፈውን አሲድና ቤዝ በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅለው፣ በሊትመስ ወረቀት ገለልተኛ መሆኑን አይተው፣ ከብዙ ውሃ ጋር ማፍሰስ ይቻላል፤ የሚቀረው በአብዛኛው የጨው ውሃ ነው። መዳብ፣ ብር፣ እርሳስ ወይም ክሮሜት ያለበት የሌላ ሙከራ ቅሪት ግን በዚህ መንገድ አይወገድም። ከከተማችን ቦዮች የሚወርደው ውሃ አዌቱ ወንዝ ገብቶ ወደ ቦዬ ረግረግ ይደርሳልና፣ እነዚህን በተለጠፈባቸው ጠርሙሶች ለየብቻ ያጠራቅሙ።

በመጨረሻም በቤተ ሙከራው መዝገብ ላይ ቀኑን፣ የመዘኑትን ግራም፣ ያገኙትን ክምችት፣ የአሥሩን ቡድኖች ንባብና የተሰበረ ዕቃ ካለ ይመዝግቡ። የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ዕቃ ክዳን አጥብቀው፣ በወፍራም ፌስታል አስረው፣ ከአሲዶቹ በተለየ ቁም ሣጥን ከዓይን ከፍታ በታች ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፍቱት መጀመሪያ እንክብሎቹ መንኮሻኮሻቸውን ያዳምጡ።