ማልያ የለበሰ ጓደኛችሁ ሲያጠፋ

ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም ሄደን ኳስ ተጫወትን። አሸነፍን። ማታ ግን አንዱ ተከላካያችን ማልያውን እንደለበሰ አረቄ ቤት ገብቶ አስተናጋጇን ሰደባት። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው የእሱን ስም አልጠራም። "የማርቆስ ልጆች ባለጌዎች ናቸው" ነው ያለው።

በጣም ተናደድኩ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፍኩበት። ያ ስህተት ነበር። ሁሉም እያየው ማን ጥፋቱን ያምናል? የአረቄ ቤቱን ነገር ትቶ እኔን መውቀስ ጀመረ፤ ቡድኑም ለሁለት ተከፈለ።

እናንተ ለብቻው ጥሩት። ንዴታችሁ በረድ ሲል፣ እሱም ሳይጠጣ፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ። "አንተ እኮ ባለጌ ነህ" አትበሉት። ያደረገውን ብቻ ንገሩት፦ "ቅዳሜ ማታ ማልያችንን ለብሰህ ልጅቷን ሰደብካት።" ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ሰው ግን ልቡን የሚከፍተው ያኔ ነው። የእኛው ልጅ እናቱ መታመሟን የነገረኝ እንዲህ ስንቀመጥ ነው። ስድቡን ትክክል አያደርገውም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ጠላት አላየሁትም።

እንቢ ካለ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ታላቅ ሰው አስገቡ። መቼም ጎጃም ሽማግሌ አይጠፋም።

ይቅርታው ደግሞ ለቡድኑ ብቻ አይደለም፤ ለተሰደበችው ልጅ ነው። እኛ አብረነው ሄድን። በር ላይ ቆመን ጠበቅነው፤ እሱ ገብቶ ራሱ ጠየቃት።

ሜዳ ላይ ስድብ ቀይ ካርድ ያሰጣል። ከሜዳ ውጭ ዳኛ ስለሌለ አንድ ደንብ አወጣን፦ ጨዋታው እንዳለቀ ማልያው ወልቆ ቦርሳ ይገባል።