ለልደት ሐዋሳ ስትሄዱ ኬኩን ተዉት፣ ድፎ ያዙ

የእናታችሁን 60ኛ ዓመት ልደት ቅዳሜና እሁድን ሐዋሳ ልታከብሩ ካሰባችሁ ክሬም ኬክ ከአዲስ አበባ ጭናችሁ አትሂዱ። መንገዱ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ሞጆን አልፋችሁ ዝዋይ ስትደርሱ ሙቀቱ ይጨምራል። ክሬሙ ይቀልጣል፤ «እንኳን ተወለድሽ» የሚለው ጽሑፍ የካርቶኑ ክዳን ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

በምትኩ ድፎ ዳቦ ያዙ። ሐሙስ ማታ በኮባ ይጋገር፣ ሌሊቱን በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ኮባውን ሳታነሱ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ፌስታል ውስጥ ግን እንዳታስገቡት፤ ያልበውና ቅርፊቱ ይላሽቃል።

ድፎ የሚቀልጥ ነገር የለውም። ኮባው እርጥበቱን ስለሚይዝለት ቅዳሜም ውስጡ ለስላሳ ነው። ቅቤና ወተት ካልገባበት ደግሞ የጾም ነው፤ ዓርብ ማታ ርቧችሁ ብትደርሱም ትቀምሱታላችሁ። ደግሞ ድፎ ተመርቆ ነው የሚቆረሰው። ለእናት 60ኛ ዓመት ከዚህ የሚመጥን ምን አለ?

ሻማውን በግድ አትሰኩት፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ሻማው ይሰበራል። መጀመሪያ ዳቦውን በቢላ ጫፍ በሳ በሳ አድርጉት። 60 ሻማ መደርደር አያስፈልግም፤ የ6 እና የ0 ቅርጽ ያላቸው ሁለቱ ይበቃሉ። ሐይቁ ዳር የምትቆርሱ ከሆነ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል።

የልጅ ልደት ከሆነ ግን ይህን አትሞክሩት። ልጅ የሚጠብቀው ኬኩን ነው። ለእሱ ሐዋሳ ካለ ኬክ ቤት ቀደም ብላችሁ በስልክ እዘዙ።