ተሸንፎ የሄደው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲመለስ፦ የሰፈር ተማሪዎች ክበብን ተግባራትና ውድድሮች ስለማዘጋጀት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ጀሞ ባሉ የጋራ መኖሪያ መንደሮች የሚያድጉ ልጆች ብዙዎቹ አብረው የተወለዱ ጎረቤታሞች አይደሉም። ቤተሰቦቻቸው ቤቱን ያገኙት በዕጣ በመሆኑ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ከመርካቶ፣ ሌላው ከልደታ ተነሥቶ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ ይገናኛል፤ ከብሎኮቹ ማዶ ደግሞ መንደሩ ከመሠራቱ በፊት በእርሻ ይተዳደሩ የነበሩ ቤተሰቦች ልጆች ይኖራሉ። እነዚህን ልጆች አንድ ላይ የሚያውል ክበብ ለማቋቋም የሚያስቡ ወላጆች፣ መምህራንና ወጣቶች በየአካባቢው አሉ፤ ይህን የምጽፈውም ለእነርሱ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምይዘው መለኪያ አንድ ነው፤ ቅዳሜ የተሸነፈ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ በራሱ ፈቃድ ከመጣ ውድድሩ በሚገባ ተዘጋጅቷል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ መለኪያ የመነጨ ነው።

ቦታ ለማግኘት አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ነዋሪው ‹ኮሚናል› የሚለው የጋራ መገልገያ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ባዶ የሚሆንበት መንደር ብዙ ስለሆነ፣ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር ተነጋግሮ ለሦስት ሰዓት ያህል መውሰድ ይቻላል። ወንበርና ድንኳን ከእድሩ መዋስ ይቻላል፤ የሚዋሰው ሰው ቆጥሮ ተረክቦ ቆጥሮ እስከመለሰ ድረስ እድሩ አይከለክልም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለወረዳው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ማሳወቅ ይገባል፤ ኋላ ሜዳ ሲያስፈልግ ይህ ደብዳቤ ብዙ ድካም ያድናል።

በምዝገባው ቅጽ ላይ የልጁ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የክፍል ደረጃ፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስልክ ቁጥርና ፊርማ፣ እንዲሁም እንደ አስምና የሚጥል በሽታ ያለ የጤና ችግር መኖር አለመኖሩ ይሞላል። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ በማናቸውም ጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች እንዲገኙ የሚያዝ ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጻፍ፤ ይህ ደንብ ለማንም ሰው፣ ለመሥራቾቹም ጭምር፣ አይላላም።

ስለ ሰዓቱ ትንሽ ማሰብ ያስፈልጋል። እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን፣ ዓርብ ቀትር የጁምዓ ሰዓት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብዙ ሴቶች ልጆች ልብስ በማጠብ፣ ውሃ በመቅዳትና ታናናሾቻቸውን በመጠበቅ ስለሚያዙ አይመጡም። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ወይም ይዛ የምትመጣ ልጅ ካለች ከበር እንዳትመለስ፤ ሕፃኑ የሚቀመጥበት ጥግ ይዘጋጅለትና እርሷ ትወዳደር።

ክበቡ እንደ ተከፈተ ወዲያው ውድድር መጥራት ትልቅ ስሕተት ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ አራት ቅዳሜዎች ያለ ነጥብና ያለ ሽልማት የሚያልፉ ይሁኑ፤ በአንዱ ጥግ ቼዝና ገበጣ፣ በሌላው ንባብ፣ በግቢው ውስጥ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞና ኳስ ይኑር። በእነዚህ ሳምንታት አዘጋጁ ማን ዝምተኛ እንደሆነ፣ ማን ቶሎ እንደሚቆጣ፣ ማን ታናናሾቹን ማስተማር እንደሚወድ መዝገብ ይዞ ያያል፤ ቡድን የሚመሠረተው ከዚህ መዝገብ ነው።

ቡድን ሲመሠረት በብሎክ አይከፈል። እኛ በክበባችን የመጀመሪያ ዓመት ቀላል መስሎን ብሎክ ለብሎክ አጋጥመን ነበር፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የልጆቹ ፉክክር በደረጃ ላይ መገፋፋት፣ ቀጥሎም የእናቶች ቅያሜ ሆነ፤ ስሕተቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ የአዘጋጆቹ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን በክፍል ደረጃ ለይተን፣ ከየደረጃው በዕጣ እያወጣን ስለምንደለድል፣ አንድ ቡድን ውስጥ የተለያየ ብሎክ ልጆች፣ ከመንደሩ ማዶ የሚመጡ ልጆች፣ ወንዶችና ሴቶች አብረው ይገኛሉ። ዕጣው በልጆቹ ፊት፣ በልጅ እጅ ይውጣ።

እግር ኳስ ሁሉም የሚጠይቀው ነገር ስለሆነ አደላደሉን በዝርዝር ማየት ይገባል። ስምንት ቡድን በጥሎ ማለፍ ቢጋጠም በሰባት ጨዋታ ያልቃል፤ ግን አራቱ ቡድኖች አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ክረምት እስኪገባ ተመልካች ይሆናሉ። ስለዚህ ሰባት ሰባት ልጆች ያሏቸው ስድስት ቡድኖች ተደራጅተው በዙር እንዲገናኙ እመክራለሁ። ስድስት ቡድን እርስ በርሱ አንድ አንድ ጊዜ ሲገናኝ 15 ጨዋታ ይሆናል፤ በየቅዳሜው ሦስት ጨዋታ ከተደረገ በአምስት ሳምንት ያልቃል፣ እያንዳንዱም ቡድን በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይጫወታል። አንዱ ጨዋታ ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃና 5 ደቂቃ ዕረፍት ቢኖረው ሦስቱም ከሁለት ሰዓት በታች ያልቃሉ። መርሐ ግብሩን ለማውጣት የቡድኖቹን ስም ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት መጻፍ ይበቃል፤ ፊት ለፊት የተጻፉት ይጋጠማሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያው ስም ባለበት ይቆይና የቀሩት አምስቱ በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ይዞራሉ፤ እንዲህ እየተባለ አምስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተገናኝቷል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንዱን አጋማሽ ይጫወት የሚል ደንብ ካልገባ፣ ሰባተኛው ልጅ ዘወትር ውሃ አቀባይ ሆኖ ይቀራል።

በአቃቂና በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ዝናብ ሲነካው እግር ስለሚይዝ፣ የሜዳ ውድድር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይጠናቀቅ። ክረምቱ የቼዝ፣ የገበጣና የንባብ ጊዜ ነው።

ለቼዝም ሐሳቡ ያው ነው። 16 ልጆች በጥሎ ማለፍ ቢወዳደሩ ስምንቱ ከአንድ ጨዋታ በኋላ ይሰናበታሉ። በስዊዝ አደላደል ግን ማንም አይሰናበትም፤ አሸናፊው 1፣ አቻ የወጣው ግማሽ ነጥብ ይይዝና፣ በቀጣዩ ዙር ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ከዚህ በፊት ካልተገናኙት ጋር ይጋጠማሉ። አምስት ዙር ቢደረግ 16ቱም ልጆች አምስት አምስት ጊዜ ይጫወታሉ፤ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ደካማው ከደካማው ጋር ስለሚገናኝ ጀማሪዎቹም የማሸነፍን ጣዕም ያያሉ። ስምንት ሰሌዳ ከሌለ ግማሾቹ ቼዝ ሲጫወቱ ግማሾቹ ገበጣ ላይ ይሁኑ። ለገበጣ የሚወጣ ገንዘብ የለም፤ 30 ዕንቁላል የሚይዘው ካርቶን አምስት ረድፍ በስድስት ስለሆነ፣ ሁለት ሁለት ረድፍ እየተቆረጠ ባለ 12 ጉድጓድ ሁለት ገበጣ ይወጣዋል፤ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ሲደረግ ለአንዱ 48 ጠጠር ያስፈልጋል። የጉድጓዱም የጠጠሩም ቁጥር፣ የአጨዋወቱም ደንብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ከውድድሩ በፊት አንዱ ደንብ ተመርጦ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በነገራችን ላይ፣ የተለያየውን ደንብ ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲመጡ ልጆቹን መላክ ራሱ ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

ጥያቄና መልስ ከሁሉም ይልቅ ዝግጅት ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸውም በተወዳዳሪዎቹ ሳይሆን በጥያቄ አውጪው ነው። «የኢትዮጵያ ረጅሙ ወንዝ ማነው?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ዓባይ፣ ሌላው አዋሽ ይላል፤ በኢትዮጵያ ምድር ውስጥ በሚጓዘው ርዝመት አዋሽ ስለሚበልጥ፣ ጥያቄው «በሀገሪቱ ክልል ውስጥ» ካላለ ክርክሩ አይቆምም። የዓድዋ ድል ቀን ሲጠየቅም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መባል አለበት፤ መልሱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ግን 1896 ስለሚሆን ልጁ ትክክል ሆኖ ሊጣልበት ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ በካርድ ላይ ከነመልሱና መልሱ ከሚገኝበት የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ጋር ይጻፍ፤ ሌላ ሰውም ቀድሞ ያንብበው። አራት ቡድን፣ በየቡድኑ ሦስት ልጆች፣ ሦስት ዙር ከሆነ 36 ጥያቄና ቢያንስ 10 መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ጥያቄው የሚወጣው በልጁ ክፍል ደረጃ ከተለየ ሣጥን ነው፤ የ5ኛ ክፍል ልጅ የ7ኛ ክፍል ጥያቄ ሊደርሰው አይገባም። ልጁ ብቻውን በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከመለሰ ሁለት ነጥብ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተመካክሮ ከመለሰ አንድ ነጥብ ቢሰጥ፣ ያላወቀ ልጅ በሕዝብ ፊት አንገቱን አይደፋም። በዳርቻዎቹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚማሩ ልጆች ስላሉ፣ ካርዱ በሁለቱም ቋንቋ ይዘጋጅ፤ ተርጓሚው ከቀኑ በፊት ይገኝ እንጂ መድረክ ላይ አይፈለግ።

እንቆቅልሽ ከዚህ ይቀላል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እየተባለ፣ ያልቻለው አገር እየሰጠ ይቀጥላል፤ ነጥቡ ለመላሹ ብቻ ሳይሆን ማንም ያልሰማውን እንቆቅልሽ ከቤቱ ይዞ ለመጣውም ይሰጥ። በታኅሣሥ መጨረሻ የገና ጨዋታን ማለማመድ መልካም ነው፤ ነገር ግን በትሩ ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ፣ ኳሱም ከጨርቅ የተሠራ እንዲሆን፣ ከተመልካቹም በቂ ርቀት እንዲኖር ያስፈልጋል።

ዳኛ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው የራሱ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመዱ በሚወዳደርበት ጨዋታ አይፈርድም። ቅሬታ ጨዋታው ካለቀ በኋላ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ በቡድኑ አምበል በኩል፣ ቅሬታ ለመስማት ለተሰየሙ ሁለት ሰዎች ይቀርባል፤ ወላጅ ከመስመር ውጭ ሆኖ በዳኛ ላይ ከጮኸ ጨዋታው እስኪረጋጋ ይቆማል። የዕድሜ ማጭበርበር ሲያጋጥም ልጁን በሰው ፊት መጠየቅ አይገባም፤ አብዛኛውን ጊዜ ያመጣው ታላቅ ሰው ነውና ጉዳዩ ከዚያ ሰው ጋር ብቻ ይታይ፣ ልጁም በዕድሜው ወደሚመጥነው ቡድን ይዛወር። ለሽልማት ገንዘብ አልደግፍም። ደብተር፣ እስክሪብቶና የንባብ መጽሐፍ ይበቃል፤ ከአንደኛ በተጨማሪ አንድም ቅዳሜ ላልቀረ ልጅና ታናሹን ላስተማረ ልጅ እኩል ሽልማት ይመደብ።

የዓመቱ መርሐ ግብር የትምህርት ቤቱን ይከተላል። በጥር የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሳምንታት ውድድር አይኑር፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ከተማ አቀፍ ፈተና ስላለባቸው ከግንቦት ጀምሮ ለእነርሱ ጨዋታው ይቀነስና የጥናት ጠረጴዛ ይዘርጋ።

የመጨረሻው ሥራ የሚሠራው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። የስም መዝገቡ ይከፈትና ባለፈው ሳምንት ተሸንፈው ዛሬ ያልመጡት ይለዩ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሁለት አዋቂዎችና ከዚያው ቡድን አንድ ልጅ ሆነው እቤታቸው ድረስ ይሂዱ። እናትየዋን ሰላም ብለው፣ ልጁ ሲወጣ ስለ ሽንፈቱ አያንሡበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ገበጣውን የሚቆርጥ ሰው እንደጎደለ ይንገሩት።