የጡንቻ ብግነት ያለበት ሰው ትን ሳይለው እንዴት ይብላ?

የጡንቻ ብግነት ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ደረጃ መውጣት ወይም ክንድ ማንሳት ማቃት ነው። የምንውጠውም በጡንቻ እንደሆነ እንረሳለን። የጡንቻ ብግነት ዓይነቶች የሆኑት ደርማቶማዮሳይቲስ፣ ፖሊማዮሳይቲስ፣ በተለይ ደግሞ ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስ የጉሮሮን ጡንቻዎች ሊያደክሙ ይችላሉ።

በመጀመሪያ ለጥቂት ቀናት ራስዎን ይከታተሉና ይጻፉ። ትን የሚልዎት ምን ሲበሉ ወይም ሲጠጡ ነው? ምግብ አንገትዎ ላይ ይቆማል? በአፍንጫ ይመለሳል? ከዋጡ በኋላ ድምፅዎ ውሃ የያዘ ይመስላል? ክብደትዎስ? ሳል ስለሌለ ብቻ አይዘናጉ፤ ምግብም ምራቅም ሳያስሉ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የሳንባ ምች የሚመላለስበት ሰው ይህን መጠርጠር አለበት።

ቀጥሎ የጻፉትን ማስታወሻ ይዘው ሐኪም ጋር ይሂዱና የመዋጥ ምርመራ ይጠይቁ። ባሪየም (በኤክስሬይ ጎልቶ የሚታይ ንጥረ ነገር) የተቀላቀለበት ምግብና መጠጥ እየዋጡ በኤክስሬይ ቪዲዮ ይታያል፤ ወይም ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ይገባል። «አገጭህን ዝቅ አድርገህ ዋጥ» የሚለውን ምክር ከምርመራው በፊት አይሞክሩት፤ አንዱን የጠቀመው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ማዕድ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ትንሽ ትንሽ ይጉረሱ፣ የጎረሱትን ሳይውጡ አያውሩ። አንዱን ጉርሻ ከዋጡ በኋላ ባዶ አፍዎን አንድ ጊዜ ደግመው ይዋጡ። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ያህል አይተኙ። ምግብ ሲቆም በውሃ ማውረድ የሁላችንም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ውሃ ፈጥኖ ስለሚፈስ ለደከመ ጉሮሮ ከሁሉ ሊከብድ ይችላል። የመዋጥ ችግር ባለሙያው ከ0 (ውሃ) እስከ 7 (መደበኛ ምግብ) ባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚስማማዎትን ውፍረት ይነግርዎታል።

ኪኒን ለብቻው ይታሰብበት። ሳይጠይቁ አይፍጩ፤ አንዳንዱ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ ነው። ፕሬድኒሶሎን (ብግነትን የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት) የሚወስዱ ሰዎች ለአጥንታቸው አሌንድሮኔት ሊታዘዝላቸው ይችላል፤ ይህ መድኃኒት መንገድ ላይ ከቀረ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። የመዋጥ ችግር እንዳለብዎ ከመታዘዙ በፊት ይናገሩ።

ጥርስና ምላስዎን ጠዋትና ማታ ያጽዱ፤ ወደ ሳንባ የሚወርደው ምራቅ የአፍን ጀርም ይዞ ነው የሚወርደው።

በብዙዎቹ የብግነት ዓይነቶች በሽታው ሲታከም መዋጥም ሊሻሻል ይችላል። ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስ ግን ለስቴሮይድ እምብዛም አይበገርም፤ አልላላ ያለውን የጉሮሮ በር (ምግብ ወደ ምግብ ቧንቧ የሚያልፍበትን ጡንቻ) በፊኛ ማስፋት ወይም በቀዶ ሕክምና ማላላት ለአንዳንዶች አማራጭ ነው።

ምራቅዎን እንኳ መዋጥ ካቃተዎት፣ ወይም ትን ካለዎት በኋላ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ እጥረት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።